ዜናው ካቆመበት

«የግድቡ በሮች ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለሚከፈቱ፣ በወንዙ ዳር ያላችሁ ሁሉ» አለ የኮምፒውተሩ ድምፅ፤ እዚያው ላይ ጭጭ አለ።

ዜና አንባቢዋ የወንበሯን ትራስ ብብቷ ውስጥ እንደሸጎጠች የስቱዲዮው በር ላይ ቆመች። የመጣችው ትራሱን ልትወስድ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የተቀመጠችበትን ወንበር ከዛሬ ጀምሮ የሚፈልገው የለም። ዜናውን የሚያነበው በኢንተርኔት ከሩቅ የሚመጣ፣ ጉንፋን የማይዘው፣ ፈቃድ የማይጠይቅ ድምፅ ነው። የቀትሩን ዜና ስለምታነብ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ ቀትር» የሚላትን ሴት መዝገብ ቤት መድበዋታል፤ አቧራ ልታራግፍ።

«ምን ሆነ?» አለ አለቃው ከመስታወቱ ወዲያ።

«ኔትወርክ ሄደ» አለች ቴክኒሻኗ።

«ጽሑፉን ክፈቺዋ!»

«ጽሑፉም እዚያው ነው። ሁሉም እዚያው ነው።»

ወረቀት ላይ ማተም ካቆሙ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ማተሚያው ማሽን የአበባ ማሰሮ ተሸክሞ ኮሪደር ላይ ቆሟል።

«ትንሽ እንጠብቅ፣ ይመለሳል» አለ አለቃው፣ ስልኩ ላይ የምትሽከረከረውን ክብ እያየ። የሬዲዮው ዝምታ አሥር ሰከንድ አለፈ። ለሬዲዮ ሰው ይሄ አንድ ዓመት ነው።

ወንዙ ዳር ያለው ሰው ማን እንደሆነ ታውቃለች። አሸዋ አውጪዎች ናቸው፤ ሬዲዮናቸውን ዛፍ ላይ ሰቅለው እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው የሚውሉ። ጽሑፉንም ጠዋት ያዘጋጀችው ራሷ ናት፤ የመጨረሻ ሥራሽ ተብላ። ለግድቡ ዘበኛ ደውላ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አስደግማዋለች። ከዚያ እንደ ልማዷ ብድግ ብላ፣ ማንም እንደማይሰማት እያወቀች፣ ጮክ ብላ ሦስት ጊዜ አነበበችው። አፏ ውስጥ ያልዞረ ቃል ወደ ሰው ጆሮ ልካ አታውቅም። ቴክኒሻኗ «እትዬ፣ ኮምፒውተሩ እኮ ልምምድ አያስፈልገውም» ብላ ስትስቅባት ግን መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ደስ ባላት ነበር።

አሁን አላፈረችም። ትራሱን ወንበሩ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠችበት።

«ማይኩን ክፈቺልኝ።»

አለቃው እየሮጠ ገባ። «እትዬ፣ ምኑን ያነቡታል? ወረቀት የለ፣ ስክሪን የለ! ተሳስተው ሰው ቢያስጨርሱብንስ?»

«ዝም በል አንተ!»

ስድስት ዓመት ሙሉ አንቱ ስትለው የኖረችው ሰውዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ቴክኒሻኗ የማንንም ፈቃድ አልጠበቀችም። ቀይዋ መብራት በራች።

ሰላምታ የለ፣ ይቅርታ የለ፤ ድምፁ ካቆመበት ቀጠለች። «ከስምንት ሰዓት በፊት ከዋናው መንገድ በላይ ውጡ። አሸዋ የምታወጡ፣ ልብስ የምታጥቡ፣ ከብት የምታጠጡ፣ ዕቃችሁን ተዉትና ውጡ። ከታችኛው ድልድይ እስከ ጡብ ፋብሪካው ድረስ ያላችሁ ሁሉ። ሰዓቱን ልድገመው።»

ሦስት ጊዜ ደገመችው። ድምፅዋ ንቅንቅ አላለም። ስትጨርስ ቴክኒሻኗ ዘፈን አስገባች። ከዚያ በኋላ ሦስቱም ተቀምጠው ከመጠበቅ በቀር የሚያደርጉት አልነበራቸውም።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ የግድግዳው ስልክ ጮኸ። አለቃው ሁሉም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አደረገው።

«አርባ ሦስት ነን፤ ሁላችንም ወጥተናል!» አለ የአሸዋ አውጪዎቹ ተጠሪ እያለከለከ። «አህዮቹም ወጥተዋል። አንዷ ብቻ እምቢ ብላ በአራት ሰው ተገፍታ ነው የወጣችው። ስሙኝማ፣ ያ መጀመሪያ ሲያነብ የነበረው ሰውዬ ምን ነካው? እኛማ ሬዲዮኑ ተበላሸ ብለን ወደ ሥራችን ልንመለስ ነበር። የቀትሯ ሴትዮ ስትመጣ ነው ሽማግሌዎቹ ‹እሷ ናት፣ ውጡ!› ብለው የጮሁት።»

እትዬ ቀትር እንባም ሳቅም ባንድ ላይ መጣባት፤ አንዱንም አልከለከለችውም።

«እና የቀረውን ዜና ትጨርሰው እንጂ!» አለ ሰውዬው። «እኛ እዚህ ዳገት ላይ ቁጭ ብለን ዘፈን ነው እንዴ የምንሰማው?»

ኔትወርኩ ተመልሶ ነበር። ስክሪኑ ላይ «ለማንበብ ዝግጁ» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይላል። ቴክኒሻኗ አለቃውን አየችው። አለቃው ስልኩን ዘጋ፤ አንድ ብርጭቆ ውኃ ቀድቶ ከአንባቢዋ ፊት አስቀመጠ፤ ከዚያም ጎንበስ ብሎ የማይኩን መክፈቻ በገዛ ጣቱ ወደ ላይ ገፋው።

እሷ ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረችና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«በሌላ ዜና» አለች።