ጠያቂ የሞላበት ቤት

ባትሪ ይቆጠብ ተብሎ፣ ሰዎች አንድ ቤት ሲሰበሰቡ ደረታቸው ላይ ከተለጠፉት የልብ ምት መለኪያ መሣሪያዎች አንዱ ብቻ ነቅቶ ለጤና ጣቢያው ይናገራል፤ ሌሎቹ ይተኛሉ። አስካለ ይህን ስለምታውቅ፣ ባሏ ዘርጋው ከታመመ ወዲህ የምታድረው እህቷ ቤት ነው። ብቻውን ሲሆን የእሱ መሣሪያ ነቅቶ አረንጓዴ ያበራል።

ዛሬ ስትመጣ ግን ቤቱ በጎረቤት ተሞልቷል።

«እኛ እያለን በሽተኛ ብቻውን ይተዋል፣ ልጄ?» አሏት እትዬ የሺመቤት፣ የዘርጋውን እጅ እንደያዙ።

አስካለ የባሏን ደረት ዳሰሰች። መብራቱም ትንፋሹም የለም። የእትዬ የሺመቤት መሣሪያ ግን አረንጓዴ እያበራ፣ ለጤና ጣቢያው «ቤቱ ደህና ነው» ይል ነበር።

«እጁ እኮ ቀዝቅዟል፣ እትዬ።»

«ይኸው እያሞቅሁለት አይደል?» አሉ።