ከጆሮ ጀርባ

ፀጉር አስተካካዩን ከጆሮው ጀርባ የበቀለች እብጠት አንገሽግሻው ነበር። ሁለት ጊዜ አስወጥቷት ሁለቴም ተመለሰች። ደንበኞቹ «ሁለተኛ ጭንቅላት ልታበቅል ነው እንዴ?» እያሉ ሲስቁበት ደሙ ይፈላ ነበር።

በሦስተኛው ጊዜ ሐኪሙ «ክፉ ነገር አይደለችም፤ ግን ከረጢቷ ከቀረ መልሳ ትሞላለች። አሁን ከነከረጢቷ ነቀልኳት፤ ብቻ ቁስሉን አትነካካው» ብሎ በፕላስተር ሸፈነለት። ፕላስተሩን ስትቀይርለት የከረመችው ሚስቱ ናት።

ድኖ ሥራ በገባበት ጠዋት የቆየ ደንበኛው የሆነ ሾፌር ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ማሽኑ ከሾፌሩ ጆሮ ጀርባ ሲደርስ ተደናቀፈ። እዚያው ቦታ፣ ያችኑ የምታህል እብጠት አለች።

«ይቺ ደግሞ መቼ ወጣችብህ?»

«ምን ነካህ? ስንት ዓመት ዙሪያዋን ስትላጨኝ ኖረህ!»

ቀጥሎ የመጣው መምህርም እንደዚያው። ከእሱ በኋላ የገቡት ወንድማማቾችም። መክረው የሚያላግጡበት መሰለውና ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘግቶ እየተነጫነጨ ቤቱ ገባ።

«ሰው ሁሉ መጫወቻ አደረገኝ!» አለ፣ ልብስ ለምታጣጥፈው ሚስቱ። «እስቲ ዞር በይ።»

ፀጉሯን ገለጥ አድርጎ ዳሰሳት። ለስላሳና ክብ እብጠት ከጣቱ ሥር ተንሸራተተች።

«ቀስ በል እንጂ» አለች ሚስቱ እየሳቀች፤ እሷም በአጸፋው እጇን ወደ እሱ ጆሮ ጀርባ ሰደደች። ጣቶቿ ልሙጡን ቆዳ ወዲያ ወዲህ ዳበሱ። ሳቋ ጠፋ። እጇን ሰብስባ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ያንተስ?» አለች፣ ፕላስተሩን ስትቀይርለት እንዳልከረመች ሁሉ። «ያንተስ የት ሄደች?»