ጥንድ እጅጌ

ልጄ ሶልያና በሶፍትቦል ልምምድ የሚወረወርላትን ኳስ እየሳተች በዱላዋ አየር ብቻ ስትመታ ከረመች። በመጨረሻ አሰልጣኟ ጥንድ የልምምድ እጅጌ ይዞ ቤታችን መጣ። አንዱን እኔ አጠለቅኩ፣ ሌላውን እሷ።

«እርስዎ በልጅነትዎ ጎበዝ መቺ ነበሩ አሉ። እጅጌው የእርስዎን ኳስ የመምታት ችሎታ አውጥቶ ለእሷ ይሰጣታል» አለኝ።

«ከእኔ ይጠፋል ማለት ነው?»

«ቢጠፋስ ምን ይቀርብዎታል? መቼም በዚህ ዕድሜዎ ዱላ አያነሱም!»

እውነቱን ነው ብዬ ተስማማሁ። ብዙም ሳይቆይ ሶልያና ኳሷን ከአጥር ማዶ ላከቻት። ሰፈሩ ሁሉ ጉድ አለ።

ዛሬ የዋንጫው ጨዋታ ዋዜማ ነው። እንደ ልማዷ ማበጠሪያ ይዛ ጉልበቶቼ መሃል ተቀመጠች፤ ከግጥሚያ በፊት ሹሩባ የምሠራት እኔ ነኝ። ፀጉሯን ከፈልኩና ጣቶቼ ቀጥ አሉ። የቱ በየቱ ላይ እንደሚያልፍ ጠፋኝ። ፈታሁ፣ እንደገና ጀመርኩ፣ ጭራሽ አወሳሰብኩት።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል?»

«ደክሞኝ ነው።»

ማበጠሪያውን ተቀብላኝ እጆቿን ወደ ማጅራቷ መለሰች። ፀጉር ጎንጉና የማታውቅ ልጅ ጣቶቿ ይበሩ ጀመር። ጉንጉኖቹ ጆሮዋ አጠገብ ሲደርሱ ወደ ላይ ታጠፉ። ያ እጥፋት እናቴ ለእኔ ብቻ ያሳየችኝ ነው፤ እኔ ለማንም አላሳየሁም። ምን ይቀርብዎታል ያለኝን ሰውዬ አሁን ባገኘው!

«እንዴ፣ ራሴ ቻልኩ!» አለች በደስታ። «ከእንግዲህ አላስቸግርሽም፣ እማዬ።»

ከጉልበቶቼ መሃል ተነስታ ወደ መስታወቱ ሄደች።