ከማሽኑ ጀርባ

ሞተሩን የቀየረው መካኒኩ ነው፤ ማሽኑ አልነሳ ሲል ግን ጣት የተቀሰረው በእኔ በኤሌክትሪሺያኑ እና የሞተሩን ፍጥነት በሚቆጣጠረው ድራይቭ ላይ ነው። ከዚያ ሰውዬ ጋር እሳትና ጭድ ነን፤ ሰላምታ ካቆምን ቆይተናል። ሥራው ግን ለብቻ አይሠራም። የሞተሩን ኃይል እንቆርጣለን፤ እሱ ከማሽኑ ጀርባ ሆኖ ዘንጉን በእጁ ያዞራል፤ እኔ በድራይቩ ስክሪን ላይ የዙሩ ቁጥር አብሮ መሄዱን አያለሁ።

«አዙር!» ብዬ ጮህኩ።

«እሺ» አለ ከወዲያ።

ገረመኝ። ያ ሰው ለእኔ «እሺ» ብሎ አያውቅም። ቁጥሩ መጨመር ጀመረ።

«በቃ፣ አቁም!»

ጭራሽ ፈጠነ። ነገር ፈልጎኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ።

«አቁም አልኩህ እኮ! አንተ ደንቆሮ!»

«ማንን ነው ደንቆሮ የምትለው?»

መካኒኩ ነው። የቆመው ግን ከኋላዬ፣ በሩ ላይ ነው። ከመጋዘን ያመጣውን መፍቻ ይዟል፤ ጓንቱን እንኳ ገና አላጠለቀም።

ስክሪኑን አየሁ፤ ቁጥሩ አሁንም ይጨምራል።

ከማሽኑ ጀርባ፣ በራሱ በመካኒኩ ድምፅ፣ መልሱ መጣ።

«እኔን ነው።»