የምራት ስም

ወይዘሮ አስካለ ለሸቀጥ ስም በሚያወጣ ድርጅት ተቀጥረው ነው ልጅ ያሳደጉት። በዘመኑ ሕግ፣ ስም ማውጣት እንጀራው የሆነ ሰው፣ ቤቱ ተኝቶም ቢሆን ያሰበው አዲስ ስም የቀጣሪው ንብረት ነው። ድርጅቱ ያደረገላቸው ጉትቻ ሐሳባቸውን እየለቀመ ይወስዳል።

ዛሬ አንድ ልጃቸው ናሁሰናይ ሙሽሪትን ሶልያናን ይዞ ገብቷል። ለምራት ስም ማውጣት የአማት ወግ ነውና እንግዳው ሁሉ አፋቸውን ይጠብቃል። "ወዘናዬ" ሊሏት ቆርጠዋል፤ ስትስቅ ፊቷ የሚያወጣውን ወዝ እያዩ፣ ክረምቱን ሙሉ ሲያወጡ ሲያወርዱ ያገኙት ስም ነው።

እጃቸውን ሊታጠቡ ጓዳ ቢገቡ፣ አዲሱ ሳሙና ላይ "ወዘናዬ" ተጽፎ አዩ።

"ናሁ! ይህን ማን አመጣው?"

"እኔ ነኝ፤ ሰሞኑን የወጣ ሳሙና ነው። ምነው እማዬ?"

"የሚስትህ ስም ነው! ከጭንቅላቴ ዘርፈው እጅ መታጠቢያ አደረጓት!"

ናሁሰናይ ደነገጠ። "በዚህ ስም ከጠራሻት ከሥራ ያባርሩሻል። ሌላ አውጪላት በቃ።"

"ሌላውንስ ለሽንት ቤት መወልወያ አያደርጉትም?"

ወደ እንግዶቹ ተመለሱ። "ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ ወዘናዬ ነው።"

"እንደ ሳሙናው?" አለ የሙሽራው አጎት፤ ሰዉ ሳቀ።

"ሳሙናውማ የሌባ ነው!" አሉ ወይዘሮ አስካለ። "ስም ሸጬ ኖሬአለሁ። ይኼን ግን አልሸጥኩም!"

ጉትቻው ከሥራ መሰናበታቸውን በጆሯቸው ነገራቸው። እሳቸው ግን "ወዘናዬ!" ብለው ደግመው ተጣሩ።

"አቤት እማማ!" አለች ሙሽሪት፣ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ።