ሁለት ስፔድ

ይማም ካርታውን ገልጦ ሲያይ እጁ ላይ ያለው ልብና አበባ ብቻ ነበር፤ ስፔድ የሚባለው ዓይነት አንድም የለውም። በቀኙ ያለው ባላጋራ «አንድ ስፔድ» ብሎ የብሪጅ ጨዋታውን ጥሪ ከፈተ። ይማም ሳያስበው፣ በለመደው አፉ «ሁለት ስፔድ» አለ። የጨዋታ አጣማሪው ውዱ በሕይወት ቢኖር ወዲያው ይገባው ነበር። ቆቦ መምህራን ክበብ በረንዳ ላይ አብረው ሲያረጁ፣ ባላጋራ የጠራውን ደግሞ መጥራት በሁለቱ መካከል «እሱስ የለኝም፤ ሌላ ሁለት ዓይነት ሞልቶልኛል፣ አንተ ምረጥልኝ» ማለት ነበር።

ዛሬ ግን ከፊት ለፊቱ፣ በውዱ ወንበር ላይ የተቀመጠው ከአባቱ ሐዘን ገና የወጣው የውዱ ልጅ ረዲ ነው። ረዲ ካርታውን አየት አደረገና «ፓስ» አለ። ሌሎቹም አለፉ፤ የመጨረሻው ጥሪ የእሱ ስለሆነ ይማም የጠራውን ስፔድ ሊጫወት ግድ ሆነበት። ረዲ እንደ ጨዋታው ደንብ ካርታዎቹን ለሁሉም እንዲታዩ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ነፋሱ እንዳይበትናቸው ልክ እንደ አባቱ ጠጠር ጫነባቸው።

«ብዙ ስፔድ እንዳለዎት አምኜ ነው ያለፍኩት፣ ጋሼ» አለ።

ይማም ጠጠሮቹን ትኩር ብሎ አያቸው። ካርታውን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

«ደግ አደረግህ፣ ልጄ» አለው። ከዚያ በእጁ የሌለውን መጫወት ጀመረ።