የደጃዝማቹ ግጥም

ደጃዝማቹ ግጥም ባያውቁም ስድብ ያውቃሉ። በግብሩ መሐል መሰንቆ የሚመታው አዝማሪ የቀድሞ ጠጅ ጣያቸው ልጅ መሆኑን ሲሰሙ ደግሞ ንቀታቸው ባሰ።

«አባቱን የማያውቅ እኔን ሊያወድስ?» አሉ። «በል ተቀበል።»

ተቀበል የተባለ አዝማሪ የተሰጠውን ግጥም እንዳለ ያዜማል እንጂ አይመርጥም።

«ውሻ ነው አባቴ፣ የትም ውሎ አዳሪ፤
ቡችላውን ጥሎ ያስቀረኝ አዝማሪ።»

አዝማሪው አንድ ቃል ሳይቀንስ ተቀበለ። ደጃዝማቹ አፋቸውን ከፍተው ሳቁ። የሚስቀውም የሚያዜመውም አፍ ውስጥ ያው አንድ ዓይነት ፍንጭት ይታያል።

ወይዘሮዋ መጀመሪያ ባላቸውን፣ ቀጥሎ አዝማሪውን አዩ።

«ድገመው» አሉት።